ቡቺ ደኅና ነው፤ ጋሼስ?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ቆመናል። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን እየበለቱ አንጀቱን ይወረውራሉ። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ቀብር እንደመጣ ሰው ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ አንገታቸውን ቀብረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከሦስታችን አንዷ «ያንን አያችሁት? ልክ ቡቺ ምሳ ስንበላ የሚያየንን አስተያየት!» አለች። አየነው። እውነትም ያ እግራችን ሥር ቁጭ ብሎ «የእኔስ?» የሚለው የቡቺ አስተያየት ነው። ሳንነጋገር ሦስታችንም ስልካችንን አወጣን፤ አባ ኮዳውን ፎቶ ለማንሳት ግን አልነበረም። የቡቺን ፎቶ ለማየት ነው።

ቡቺ ውሻችን ነው። (እዚህ አገር ያለ ውሻ ግማሹ ቡቺ ስለሚባል የትኛው ቡቺ እንዳትሉን።) ቡናማ ነው፤ አንድ ጆሮው ወደ ታች የወደቀ፣ ዘሩ የማይታወቅ፣ ሰፈር ውስጥ «የሀበሻ ውሻ» የሚባለው ዓይነት። የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት ከጊቢያችን በር አጠገብ ካለ ቱቦ ውስጥ አውጥተን፣ አከራያችንን እትዬን ለምነንና አስለምነን አሳደግነው። ሦስታችን በምንኖርባት ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ በሩ ጋ ባለች አሮጌ ጋቢ ላይ ያድራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን በሩን ይቧጭራል። በሰዓቱ የሚነቃ እሱ ብቻ ስለሆነ ሥራ ያላረፈድነው በእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሐዋሳ የሄድነው የጓደኛችን ሰርግ ላይ ለመገኘት ነው። ረቡዕ ተነስተን፣ ቅዳሜ ሰርጉን በልተን፣ እሑድ ለመመለስ። አምስት ቀን። ቡቺን ለማን ተውነው? እንደ ሁላችሁም ለዘበኛው ተውነው። «ጋሼ፣ አደራ ቡቺን» አልን። ጋሼም «ምን ችግር አለ ልጆቼ» አሉ። ለቡቺ አጥንትና ዳቦ 500 ብር ሰጠናቸው። ለጋሼስ? ለጋሼ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አልን።

ይህቺን ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

*

ናፍቆቱ የጀመረው ገና ባቱ ሳንደርስ ነው። ቁርስ ላይ የተረፈውን አጥንት አንዷ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ከታ ነበርና መኪናው ውስጥ ሲሸት «ይህ ምንድን ነው?» ተባለ። ከዚያ በኋላ መሳቅም መተከዝም መጣ። ሐዋሳ ስንገባ ባሰ። ከንጋቱ 12 ሰዓት በሩን የሚቧጭር ሳይኖር ሦስታችንም ነቅተን ጣሪያ ስናይ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ደወልን። «ጋሼ፣ ቡቺ በላ?» «በልቷል።» «ውኃስ ጠጣ?» «ጠጥቷል።» «አልተከዘም?» «ውሻ ምን ይተክዛል ልጆቼ፣ እናንተ ተጫወቱ።» አንድ ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጉለት ብለን ለምነን በድምጽ ማጉያ «ቡቺዬ! ቡቺሻ!» ስንል የሆቴሉ አስተናጋጅ ትሪውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ይህን ስንናገር ሊስቅብን የሚዘጋጅ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ሰርጉ ላይ አብሮን የተቀመጠ የሙሽራው ዘመድ ሰምቶን «ሰው ጦሙን በሚያድርበት አገር እናንተ ለውሻ ትናፍቃላችሁ? ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» አለን። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። እኛም ሰርግ ላይ ነንና አብረን ሳቅን። መልሱን ግን እዚህ እንስጠው።

አንደኛ፣ እንስሳ መናፈቅ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። ይህ አገር ንጉሡን በፈረሱ ስም ሲጠራ የኖረ አገር ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። የጌታው ስም ከፈረሱ ስም እንዳይለይ ተደርጎ የታሰረው ፈረሱ ዕቃ ስላልነበረ ነው። በ1951 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር «ቃኘው» የተባለው በራስ መኮንን የፈረስ ስም በአባ ቃኘው ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ፈረስ በስሙ ውቅያኖስ ተሻግሮ ጦር ሜዳ ውሏል! ወደ ጋምቤላ ብንወርድ የኑዌር ወጣት በሚወደው በሬው ስም ይጠራል። ገበሬው አባታችንም ቢሆን እያረሰ ከበሬው ጋር ሲነጋገር፣ ሲያወድሰውና ሲቆጣው ይውላል። በሬው ሲሞትበት ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ይተካልህ» ይለዋል። ታዲያ ገበሬው በሬውን ሲናፍቅ ባህል፣ እኛ ቡቺን ስንናፍቅ በሽታ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ሁለተኛ፣ ናፍቆቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ውሻ «እሑድ እንመለሳለን» ቢሉት አይገባውም። የሚገባው በር ተዘግቶ ሰዎቹ እንዳልተመለሱ ብቻ ነው። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት ውሾችን ለግማሽ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓትና ለአራት ሰዓት ብቻቸውን እየተወ ጌቶቻቸው ሲመለሱ እንዴት እንደሚቀበሏቸው ቀርጾ አየ። ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የቆዩት ከግማሽ ሰዓቶቹ ይልቅ ጌቶቻቸውን ይበልጥ በሞቀ ሁኔታ ይቀበሉ ነበር። መዘግየታችን ይቆጠራል ማለት ነው። ባለቤቱ የሄደበት ውሻ ምግብ ሊተው፣ በር ሊቧጭር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊያላዝን ይችላል። የቶኪዮውን ሃቺኮን የማያውቅ የለም። ጌታው በ1925 ከሞተ በኋላ እስከ 1935፣ ራሱ እስኪሞት ድረስ፣ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠብቆታል። ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሦስተኛ፣ «ሰው ጦሙን እያደረ» የሚለው ክርክር። ለዚህ እዚያው ሰርግ ላይ የመለስነው መልስ ነበረን። «አንተ ለሰርጉ ስንት በሬ አስጣልክ? ያ ለስንት ጦም አዳሪ ይበቃ ነበር?» አልነው። ጠረጴዛው እንደገና ሳቀ፤ አሁን በእሱ። እኛም ያሸነፍን መስሎን ኮራን።

አላሸነፍንም ነበር። ሰውየው በማያውቀው መንገድ እውነቱን ተናግሮ ነበር።

*

እሑድ ማታ ጊቢው በር ላይ ስንደርስ ቡቺ ከውስጥ ጮኸ። ድምጻችንን ሲሰማ ጩኸቱ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። በሩን የከፈቱልን ጋሼ ናቸው። የከፈቱት በግራ እጃቸው ነበር።

እኛ አላየንም። ልብ በሉልን፣ አላየንም! ቡቺ ላይ ወደቅን፣ ቡቺም እኛ ላይ ወደቀ፤ ላሰን፣ ዘለለ፣ ተንከባለለ። አንዷ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ያ ቪዲዮ ዛሬም ስልካችን ውስጥ አለ። ደጋግመን ካየነው በኋላ ነው ከጀርባ የቆሙትን ጋሼን ያስተዋልነው። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ በነጠላቸው ሥር ተደብቋል። በፊታቸው ፈገግ ብለዋል።

እጃቸውን ያየነው ሻይ ስናቀርብላቸው ብርጭቆውን በግራ እጃቸው ሲቀበሉ ነው። ጋሼን የሚያውቅ ሰው በግራ እጃቸው ምንም እንደማይቀበሉ ያውቃል።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ምንም አይደል።»

«ጋሼ!»

«ቡቺ ነው። ሐሙስ ለት። ሰንሰለቱ በቧንቧው ዙሪያ ተጠምጥሞ እግሩን ይዞት ሲጮህ ላላቅቀው ብዬ ነው። አውቆ አይደለም፤ አሞት ነው።»

ሐሙስ! ሐሙስ ማለት በሄድን በማግስቱ ማለት ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ በቀን ሁለት ጊዜ ደውለናል። «በላ? ጠጣ? አልተከዘም?» ብለናል። ስልኩን ውሻው ጆሮ ላይ ያደረጉልን በዚያ በተነከሰው እጃቸው ነበር። ለምን አልነገሩንም? «ሰርግ ቤት ያለ ሰው አይረበሽም» አሉ መጀመሪያ። ቆይተው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምጽ «እትዬ ቢሰሙ ውሻውን ያስወጡታል። እኔንም ምን ይሉኝ ይሆናል ብዬ» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሦስታችንም ጋዜጠኝነት የተማርን ነን። መጀመሪያ የተማርነው ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ መጠየቅ ነው። አራት ቀን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን። እሱም «ምን በላ?» የሚል ነበር። «ማን» የሚለውን ጥያቄ አልደረስንበትም።

ቁስሉን በምን እንዳከሙት ጠየቅን። በአረቄ አጥበው፣ ነጭ ሽንኩርት ደቁሰው አስረውበታል። ጤና ጣቢያ አልሄዱም። የሚያስታውሱት የድሮውን፣ ከአሥር ቀን በላይ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ ነው። «ያንን ከምወጋ እጄ ይቅር» አሉ። በር ትተው ቢሄዱስ ማን ይጠብቃል?

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ጥያቄ የመጣው፤ የቡቺ ክትባት መቼ ነበር? ካርዱን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከመብራት ቢል ጋር ተጣብቆ ተገኘ። አንድ ክትባት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት። በየዓመቱ የሚለውን ጽሑፍ በትልቁ አትመውበታል። ልደቱን ኬክ ቆርሰን ያከበርንለት ውሻ ነው እንግዲህ! ለልደቱ ኮፍያ ገዝተንለታል።

*

የእብድ ውሻ በሽታ ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ በአጭሩ እንንገራችሁ፤ እኛም ያን ሌሊት ነው በደንብ ያነበብነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። አብዛኛው እስያና አፍሪካ ውስጥ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ከሟቾቹ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው። የተነከሰ ሰው ወዲያውኑ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ቢያጥብና ሳይዘገይ ክትባቱን ቢጀምር ይተርፋል። አረቄና ነጭ ሽንኩርት ሳሙናንና መርፌን አይተኩም። ዛሬ በብዛት የሚሰጠውም ክንድ ላይ የሚወጋ ጥቂት መርፌ እንጂ ያ የሆዱ አይደለም። ዘግይቶ የመጣም ቢሆን «አልፎበታል» ተብሎ አይመለስም፤ ይወጋል።

ደግሞ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የትም የሌለውና ቁጥሩ ወደ 500 እንኳን የማይደርሰው፣ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከውሾች በተዛመተ በዚሁ በሽታ ክፉኛ አልቋል። ያልተከተበ ውሻ ማሳደግ የግል ምርጫ አይደለም ማለታችን ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋሼን ይዘን ወጣን። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ «መድኃኒቱ አልቋል» ብሎ ወደ ሌላ ላከን። ሁለተኛው ወደ ሦስተኛ። ሦስተኛው ጋ ተገኘ። ጋሼ ክንዳቸውን ሲወጉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ «ይኸው ነው እንዴ?» አሉ ሲጨርሱ። ሐኪሟ ስለ ውሻው ጠየቀችን። ሲነክስ ጤነኛ የነበረ ውሻ በአሥር ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት እንደሆነ ነገረችን። «አስራችሁ ቁጠሩ፤ መርፌውን ግን እንዳታቋርጡ» አለች።

ቆጠርን። ከሐሙስ ጀምሮ አሥር ቀን። ቡቺን ስንት ዓመት ስንወደው በዓይን በዓይኑ እንደዚያ ሰሞን አይተነው አናውቅም። ለሃጩ በዛ? ውኃ ፈራ? ድምጹ ተለወጠ? ሌሊት እየተነሳን በባትሪ አየነው። በመስኮት ደግሞ የጋሼን ጎጆ መብራት አየን። አምስት ቀን የተናፈቀ ውሻ በአንድ ጊዜ የሚፈራ ሆነ። በቀጣዩ እሑድ ቡቺ እንደወትሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት በሩን ቧጨረ፣ ዳቦውን በላ፣ ድመት አባረረ። ጋሼ ድነዋል። እኛ ግን «ዳንን» ብለን የምንኮራበት ምንም የለም። ያዳነን ዕድል ነው።

*

አሁን ወደ ክርክራችን እንምጣ። እኛ በከተማ የምንኖር ወጣቶች ናፍቆትን ተምረናል፣ አደራን ግን ረስተናል። ይህን ስንል በመጀመሪያ ራሳችንን ነው።

ናፍቆት ርካሽ ነው። ፎቶ ለጥፎ ልብ የተሰበረበት ምልክት ማድረግ ምንም አያስከፍልም። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ «ቡቺዬ ናፈቅኸኝ» ብሎ ቲክቶክ ላይ መቅረጽ የሚናፍቀውን ሰው እንጂ የተናፈቀውን ውሻ አይመግብም። አደራ ግን ውድ ነው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ አባቶቻችን የአደራ ተቀባዩን ሸክም ነው የተናገሩት። እኛ ቃሉን ወርሰን ሸክሙን ሁሉ ተቀባዩ ላይ ጥለን ሄድን። «አደራ» ማለት ለእኛ «ሳንከፍልህ ሥራልን» ማለት ሆኗል።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በበዓል ሰሞን ከተማው ወደየአገሩ ሲበተን ውሾቹና ድመቶቹ ማን ጋ ይቀራሉ? በክፍያ ውሻ የሚያሳድሩ ቦታዎች አሉ፤ አብዛኞቻችን ግን በራቸውን አንኳኩተን አናውቅም። የሚቀሩት ዘበኛው ጋ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ጋ ነው። ፈተና ያለበት ታናሽ ወንድም ጋ ነው። ውሻ የምትፈራ ጎረቤት ጋ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ እምቢ ማለት አይችሉም። ጋሼ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከእትዬ ነው፤ እኛ ቀጣሪያቸው እንኳን አይደለንም። በር ለመጠበቅ ነው የተቀጠሩት። «ምን ችግር አለ ልጆቼ» ያሉን ችግር ስለሌለ አልነበረም። ለተከራይ እምቢ ማለት ስለማይመች ነው።

ያ ሰርግ ላይ ያፌዘብን ሰው «ሰው ጦሙን በሚያድርበት አገር» ሲል እኛ ስለ በሬ መለስንለት። ትክክለኛው መልስ ግን ጊቢያችን በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ለውሻው 500 ብር፣ ለሰውየው ምርቃት! ሐዋሳ ለአንድ ቀን ምሳ ያወጣነው ከዚያ ይበልጣል። ሰውየው ውሻ መውደዳችንን በመንቀፉ ተሳስቷል፤ ዓይናችን የት እንደነበር ግን በትክክል አይቷል። ውሻን መውደድ ሰውን መርሳት አይደለም። እኛ ግን ውሻውን እየወደድን ሰውየውን ረስተናል። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ደግሞ ፍቅሩ ራሱ ያስጠረጥራል።

«ጋሼ እኮ ራሳቸው ውሻ ይወዳሉ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም እንዲህ ብለናል። አስተናጋጅም ሰው ይወዳል፤ ስለዚህ ደመወዙን እንከልክለው?

«እንደ ፈረንጅ አገር ማሳደሪያ የለንም፣ ምን እናድርግ?» የምትሉም አላችሁ። አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ውሻዋን ማሳደሪያ ትታ ሥራ ቦታዋ ሆና በካሜራ ታየዋለች። ስንሰማ በሳቅ ፈረስን። በኋላ ግን ውሻዋን ከመቀበላቸው በፊት ምን እንደጠየቋት ነገረችን። የክትባት ወረቀት፣ የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ፣ ቢታመም ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚከፍል የሚል የተፈረመ ውል፣ በቀን ስንት ጊዜ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው። ከፈረንጅ መቅዳት ካለብን መቅዳት የነበረብን ይህን ነበር። እኛ የቀዳነው የልደት ኮፍያውን ነው! ወረቀቱ ደግሞ ሕንፃ አይፈልግም። አንድ ቅጠል ደብተር ይበቃዋል።

«ገንዘብ የለንም» ካላችሁ ደግሞ ይህ ሐቀኛ መልስ ነው፤ እናከብረዋለን። ግን ለመሄጃው ተገኝቶ ለጠባቂው የጠፋ ገንዘብ የለም የሚባል ገንዘብ አይደለም። የትራንስፖርት ሂሳብ ስትሠሩ የጠባቂውንም ጨምራችሁ ሥሩ። ካልበቃ አንዳችሁ ቅሩ፤ ወይም ውሻ ካለው ጓደኛ ጋር ተራ ግቡ፣ ዘንድሮ እሱ የእናንተን፣ በሚቀጥለው እናንተ የእሱን። ይህም ካልሆነ ውሻ አታሳድጉ። ጨካኝ አትበሉን። ሰፈራችን ውስጥ ባለቤቶቹ ውጭ አገር ሲሄዱ በር ላይ የተዉት አንድ ውሻ ነበር። ወራት ሙሉ የተዘጋው በር ላይ ተኝቶ ከረመ። ባለቤቶቹ ዛሬም ፎቶውን እየለጠፉ «የልጅነት ጓደኛችን» ይላሉ። ናፍቆት አለ፤ ውሻው ግን የለም።

ስለዚህ እኛ ቤት ሕግ ወጥቷል፤ እናንተም ብትወስዱት ደስ ይለናል። ክትባት በየዓመቱ፣ ካርዱ በር ላይ ተለጥፎ። ጠባቂ ሲፈለግ ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ፣ እምቢ ቢባል ቅሬታ የለም። ክፍያው ከመሄድ በፊት፣ ከውሻው ምግብ ተለይቶ፣ በጠባቂው እጅ። የእንስሳት ሐኪም ስልክና የቅርብ ጤና ጣቢያ ተጽፎ ይቀመጣል፤ «ከነከሰህ ለ15 ደቂቃ በሳሙና ታጠብ፣ ከዚያ ሂድ፣ ሂሳቡ የእኛ ነው» የሚል ከሥሩ። ቤት ውስጥ ማደር የለመደ ውሻ ባለቤቱ በሄደበት ሰሞን በሰንሰለት አይታሰርም። ድመት ከሆነች ደግሞ ከቤቷ አታፈናቅሏት፤ እሷ ከሰውም በላይ ቦታ ትለምዳለችና እዚያው ሆና የሚመግባት ሰው ይምጣላት። የመጨረሻው ሕግ በጣም አጭር ነው። ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰውየው ነው።

*

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ መንገድ መጣብን፤ ድሬዳዋ፣ ለለቅሶ። እንደ ሕጋችን ጋሼን ጠየቅናቸው፣ ክፍያውንም ነገርናቸው። ጋሼ ጠባሳቸውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ጥቂት አሰቡ። «ልጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ? ይቅርብኝ» አሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አሉን። ሲሉን ፊታቸው ላይ ያየነው ነገር ስጋት ነበር፤ እንቀየማለን ብለው። አልተቀየምንም። ሁለታችን ሄድን፣ አንዷ ቀረች። ማታ ከድሬዳዋ ደወልን። ስልኩን ያነሳችው ጓደኛችን ገና «ሀሎ» ሳትል ከጀርባዋ የቡቺ ጩኸት ይሰማል። አንጀታችን ተላወሰ። መጠየቅ አማረን፤ በላ? ጠጣ? ተከዘ? ምላሳችን ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንቺ እንዴት ነሽ? ጋሼስ?» አልን።

ቸር እንሰንብት።